ክሬም ወይስ ግራጫ?

እኔና እናቴ ለዘጠኝ ቀን ተኮራርፈን ነበር። ምክንያቱን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል፤ በቀለም ነው። አንዳችን ቀይ፣ አንዳችን አረንጓዴ ብለን ቢሆን እንኳ ሰው ይረዳናል። የኛ ጠብ በክሬምና በግራጫ ነበር፤ እንግዳ ቤት ሲገባ ልብ የማይላቸው፣ አከራይ ሁሉ የሚወዳቸው፣ «ቀለም የለውም» ሊባሉ ምንም ያልቀራቸው ሁለት ቀለሞች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን። አንዱ መኝታ ቤት የእማዬ ነው፣ ሌላው የኔ። አያቴ (እምዬ ነው የምንላት፤ «እርስዎ» ስንላት «ምነው አራቃችሁኝ» ትላለች) ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለ ገጠር ብቻዋን ትኖር ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጣ። የቀኙ ባለፈው ዓመት በቀዶ ሕክምና ተነሳላት፤ የግራው ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም ተባለ። የት ትሁን? እኛ ጋ። የትኛው ክፍል? የኔ። እኔስ? ሳሎን።

እሺ አልኩ። ማን እምቢ ይላል? ክፍሉ ግን መቀባት አለበት የሚል ነገር ሲነሳ ቀድሜ «ግራጫ» አልኩ። እማዬ ደግሞ እኔ ቃሉን ሳልጨርስ «ክሬም» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅታችሁም።

የግራጫው ሐሳብ ከየት መጣ ካላችሁኝ መልሱ አያኮራም። ከስልኬ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የቤት ውስጥ ፎቶ የሚለጠፍበት ገጽ ሁሉ ግራጫ ነው፤ ሶፋው ግራጫ፣ ምንጣፉ ግራጫ፣ ድመቷ ሳትቀር ግራጫ። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ቤቷን ያስቀባችው «አግሪኤብል ግሬይ» በሚባል ቀለም ነው። ሸርዊን ዊሊያምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው፣ እዚያ አገር በጣም ከሚታወቁት የቤት ውስጥ ቀለሞች አንዱ ነው። ስሙ ሲተረጎም «ደስ የሚል፣ የሚያስማማ ግራጫ» እንደማለት ነው። እኛን አላስማማንም እንጂ። ደግሞ የሥራም ጉዳይ አለበት። በቪዲዮ ስብሰባ ስገባ፣ አጫጭር ቪዲዮ ስቀርጽ፣ ከጀርባዬ ያለው የደበዘዘ ሰማያዊ ግድግዳ የታመመ ሰው ያስመስለኛል። ግራጫ ቢሆን ቢሮ ቢሮ ይሸታል ብዬ አሰብኩ።

ልብ በሉ፤ ክፍሉ ከእንግዲህ የኔ አይደለም። ይህንን ያኔ አላስተዋልኩትም። ወይም አስተውዬ ዝም ብያለሁ።

የእማዬ ምክንያት ሌላ ነው። «ግራጫ ሲሚንቶ ነው» አለች፤ አንድ ቃል አልጨመረችም። መጀመሪያ የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ማታ ሳስበው ግን ትዝ አለኝ። ቤቱን ስንረከብ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቁልፍ ሰጡን እንጂ ቤቱ ገና ነበር፤ ወለሉ ሊሾ እንኳ አልተደረገም፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ። የኪራይ ገንዘብና የባንክ ክፍያ አንድ ላይ ስላልተቻለ እንደዚያው ገባን። ሁለት ዓመት ሙሉ በሲሚንቶ መሀል ኖርን። ግድግዳው ልብስ ሲነካው ያቆሽሻል፣ ማታ አምፖል ቢበራም ብርሃኑን ይውጠዋል። እማዬ ዕቁብ ሲደርሳት መጀመሪያ ያስቀባችው ሳሎኑን ነው፤ በክሬም። ቀቢው ሮለሩን ግድግዳው ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ ወንበር አውጥታ፣ ሻይ ይዛ፣ ቲያትር እንደሚያይ ሰው ተቀምጣ ስታየው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጆርጅ ስቲግለርና ጋሪ ቤከር በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን ስለ ሰው ምርጫ የሚያወራ ጽሑፍ አስነብበውን ነበር። ርዕሱ «በጣዕም ላይ ክርክር የለም» የሚለው የላቲን አባባል ነው። ባጭሩ፣ ሰዎች የተለያየ ነገር ሲመርጡ ቶሎ ብላችሁ «ጣዕማቸው ስለሚለያይ ነው» አትበሉ፤ የገጠማቸውን ዋጋ፣ ገቢያቸውንና እስከዛሬ ያሳለፉትን ፈትሹ ይላሉ። ፈተና ላይ ጽፌው ማርክ አግኝቼበታለሁ። እናቴ ላይ ለማየት ግን ከተመረቅኩ በኋላ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ለኔ ግራጫ የሜሪላንድ ሳሎን ነው። ለእሷ ግራጫ ገንዘብ ያነሰው ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ገብቶኝም ግን «እሺ ክሬም ይሁን» አላልኩም። ሰው መሆን እንዲህ ነው።

ኩርፊያውን የሰበሩት ቀለም ቀቢው ናቸው። ከብሎካችን ጀርባ የሚኖሩ፣ ፀጉራቸው በነጭ ቀለም ይሁን በዕድሜ የነጣ የማይለይ ሰው። ክፍሉን ሊለኩ መጥተው የሁለታችንንም ፊት አዩና ነገሩ ገባቸው።

«ልጄ፣ ክሬም የሚባል ቀለም እኮ የለም» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ግራጫም የለም» ብለው ቀጠሉ። «ስንት ዓይነት ክሬም አለ መሰለሽ! ሎሚ የሚመስል አለ፣ ቆዳ የሚመስል አለ፣ ጠጅ የሚመስል አለ። ግራጫም እንደዚያው። አንዱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ አንዱ ወደ ቡኒ። አንቺ የቱን ነው ያልሽው?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ያስረዱኝ ነገር እስከዛሬ ማንም ነግሮኝ የማያውቀው ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ነጭ ቀለም ነው። ነጩ ላይ ቢጫ ማቅለሚያ (የብረት ዝገት ቤተሰብ የሆነው ቢጫ) ጠብ ሲል ክሬም መሆን ይጀምራል። ነጩ ላይ ጥቁር ብቻ ጠብ ሲል ደግሞ ግራጫ ይሆናል፤ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻውን ሲቀላቀል ዓይን ላይ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው የሚወጣው። አክስቴ ቤት ያለውን ዓይነት ለማግኘት ቢጫና ቡኒ መጨመር ግድ ነው። «ይሄ አንቺ ያሳየሽኝ ግራጫ» አሉኝ ስልኬን እያዩ፣ «ግማሹ የእናትሽ ክሬም ነው። የተጣላችሁት እኮ በአንድ የጠርሙስ ክዳን ቢጫ ነው።»

እማዬ ሳቀች። ዘጠነኛው ቀን ነበር።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር፤ ሙያዬ ስለሆነ አላልፈውም። ያ ነጭ ነጭነቱን የሚያገኘው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባል ዱቄት ነው። ጋሎኑ እዚሁ አገር ቢመረትም ዱቄቱ በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የምታዩት ንጣት የምንዛሪ ተመን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጋሎኑን ዋጋ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ እስክታነቡት ድረስ ስለሚቀየር ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ቀቢው «ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ላይ ቀብተሽ እይው» ብለው መከሩኝ። መርካቶ ሄጄ ከሱቁ የተሰጠኝ የቀለም ካርድ ላይ እያንዳንዱ ቀለም የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ በዚያ ላይ ተመርኩዞ ክፍል ማስቀባት በአንድ ጉርሻ ሠርግ እንደመፍረድ ነው። ከእያንዳንዱ ትንሹን ጣሳ ገዛሁ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆኑ ሁለት ኮምፔንሳቶዎች አስቆረጥኩ፣ ሁለት ሁለት እጅ ቀባኋቸው። ሁለት እጅ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አንድ እጅ ብቻ ከሆነ የሥሩ እንጨት ያሳስታል። እስኪደርቅ መጠበቅም አለበት፤ የፕላስቲክ ቀለም እርጥብ እያለና ሲደርቅ አንድ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሲደርቅ ይጠቁራል።

ለምን ግድግዳው ላይ አይሞከርም? ግድግዳው ሰማያዊ ስለሆነ። ሰማያዊ መሀል የተቀመጠ ክሬም ብርቱካን ይመስላል፤ ግራጫውም ያልሆነውን ቢጫነት ያበዛል። ይህ የቀቢው ብልሃት ብቻ አይደለም፣ የቆየ ታሪክ አለው። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሥጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ ነበር። «ጥቁሩ ማቅለሚያ ደካማ ነው» የሚል ቅሬታ መጣ። መረመረ፤ ማቅለሚያው ምንም አልሆነም። ጥቁሩ ክር አጠገቡ ካሉት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች የተነሳ ነው የደከመ የሚመስለው። በ1839 (እ.ኤ.አ.) ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚለውጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። እኛ ደግሞ ነጭ አንሶላ ከኋላ ሰቅለን ሁለቱን ሰሌዳዎች አስደገፍናቸው።

ለአራት ቀን ተመለከትናቸው። እማዬ ሥራ ከመሄዷ በፊትና ስትመለስ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ።

የክፍሉ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በቀጥታ ሲገባ ግራጫው ሸጋ ነው። እውነቴን ነው፤ ሞቅ ያለ፣ የታጠበ የወንዝ ድንጋይ የመሰለ። ክሬሙ በዚያ ሰዓት ይበዛበታል፤ ቅቤ ይሆናል። «አየሽ?» አልኳት እማዬን። ዝም ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፀሐይዋ ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞራ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፣ የሰማይ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊነት አለው። ግራጫዬ ቀስ እያለ እርሳስ ሆነ። ደመና ሲመጣ ጭራሽ ሲሚንቶ። ቃሉን ግን አላወጣሁትም። ክሬሙ በተቃራኒው ቢጫነቱ ረገብ ብሎ ልከኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ምክሮች «ወደ ሰሜን የዞረ ክፍል ፀሐይ አያገኝም፣ ሞቃት ቀለም ቀቡት፤ ወደ ደቡብ የዞረ እንደፈለጋችሁ» ይላሉ። አትስሟቸው። ለለንደን ነው የተጻፈው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ 20ዎቹ፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን። ስለዚህ የኛ የሰሜን መስኮት በሰኔ ፀሐይ ያያል፤ ክረምቱ ደመናውን ከከፈተለት ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ ትልቁ ልዩነት ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ማታ የምትቀመጡበት ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ አመሻሽ ላይ ማንኛውም ቀለም ያምርበታል፤ በዚያ ሰዓት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ሌላም አለ፤ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ። የኛ ጎረቤት ብሎክ ወደ ሸክላ የሚያደላ ቀለም ነው የተቀባው፤ ከሱ ነጥሮ የሚገባው ብርሃን ሁለቱንም ሰሌዳ ቀላ ያደርጋቸዋል። ይህንን የትኛውም የቀለም ካርድ አይነግራችሁም።

ማታ ደግሞ አምፖሉ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ነጭ አምፖል ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ «አምፖል» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ። በሱ ሥር ግራጫው የተራ መጠበቂያ ክፍል ሆነ። ባለ 3000 ኬልቪኑን ቢጫ አምፖል ስንቀይርበት ግራጫው ነፍስ ዘራ፣ ክሬሙ ግን እንደገና ቅቤ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ በስልክ ባትሪ ስናያቸው ሁለቱም አንድ ሆኑ። የዚያን ቀን ብቻ ተስማማን።

እንዲህ እያልን ሳለ እምዬ ለዓይን ክትትል መጣች። ቀኑ ሐሙስ ነበር። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳትና ሁለቱን ሰሌዳዎች ፊቷ አቆምኳቸው። እውነት ለመናገር ድምፅ ፈልጌ ነው፤ ሁለት ለአንድ ይሆናል ብዬ።

እምዬ ቀኙን፣ የታከመውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «በዚህኛው» አለች በግራዋ እያየች፣ «ሁለቱም ሻይ ናቸው። አንዱ ወተት የበዛበት፣ አንዱ ያነሰበት።»

ከዚያ እጇን ወደ ግራው ዓይን አዛወረች። ትንሽ ቆየች። «እንዴ! ይሄ ቅቤ ነው። ያኛው የክረምት ሰማይ።»

ደጋግማ አደረገችው። እየሸፈነች፣ እየገለጠች፣ እንደ ሕፃን እየሳቀች። ሞራ ዓይንን የሚያደበዝዝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየደፈረሰ ብቻ ሳይሆን ወደ ቢጫና ቡኒ እየተለወጠ፣ ሰማያዊውን ብርሃን እየያዘ ያስቀራል። ለውጡ በዝግታ ስለሚመጣ ሰውየው አያውቀውም፤ ዓለም ሁልጊዜ እንደዚያ የነበረች ይመስለዋል። አንዱ ዓይን ሲታከምና ንጹሕ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባበት ግን ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1923 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዓይኑን ከተሠራ በኋላ ቀለም ተለዋወጠብኝ እያለ ሲያማርር ነበር። እምዬ አላማረረችም። «ግራጫሽ በአንዱ ዓይኔ የለም» አለችኝ፤ ሳቋን ሳትጨርስ።

ከዚያ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቀችው። «ታዲያ የቱ ነው ግድግዳው፣ የቱ ነው በሩ?»

«ሁለቱም ለግድግዳ ነው እምዬ፤ ከሁለት አንዱን ልንመርጥ ነው።»

«በሩስ?»

«በሩማ ከግድግዳው ጋር ተመሳሳይ ይሆናል፤ እንዲሄድ።»

እምዬ ምንም አላለችም። እማዬ ግን ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እዚህ ላይ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ዓምና ለገና፣ ከሕክምናው በፊት፣ እምዬ እኛ ጋ አርፋ ነበር። ሌሊት ለሽንት ቤት ተነሳች። ኮሪደራችን ክሬም ነው። እማዬ እንዲያምር ብላ በሮቹንም በዚያው ክሬም አስቀብታቸዋለች። ገርበብ ብሎ የቀረ በር ነበር፤ ጠርዙ ቅንድቧን መታት። ሦስት ቦታ ተሰፋች። ያኔ «በሩ አልታየኝም» ብላ ነበር፤ እኛ «ዓይኗ ነዋ» ብለን አለፍነው። እማዬ የኮሪደሩን መብራት ስላጠፋሁት ነው እያለች ራሷን ስትወቅስ ከረመች። ስለ ቀለሙ ያሰበ ሰው አልነበረም። ምልክቱ እስካሁን ቅንድቧ ላይ አለ፤ በዚያ ሐሙስ ዓይኗን እየሸፈነች ስትገልጥ እጇ ሥር እየገባ ሲወጣ አየዋለሁ።

ማታውን ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በውጭ አገር ቀለም አምራቾች ለየቀለሙ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚለካ። ዜሮ ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ። የአክስቴ ግራጫ 60 ነው። ደህና ክሬም 75 አካባቢ ይሆናል፤ ነጭ በር ከ85 በላይ። የእንግሊዝ አገር የሕንፃ ተደራሽነት መመሪያ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች በርና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል ቢያንስ 30 ነጥብ መራራቅ አለባቸው ይላል። የቀለሙ ዓይነት አይደለም የሚያስፈልገው፤ የብርሃንና የጨለማ ርቀቱ ነው። እኛ ኮሪደር ላይ ያለው ርቀት ዜሮ ነው። ክሬም በክሬም ላይ። ሞራ በአገራችን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ፣ ስንት ቤት ውስጥ በርና ግድግዳ «እንዲሄድ» ተብሎ አንድ ዓይነት እንደተቀባ ሳስብ ደነገጥኩ። ማብሪያ ማጥፊያው ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ነጭ፣ ሴራሚኩ ነጭ። ገለልተኛ ቀለም የምንለው ማየት ለሚችል ሰው ነው ገለልተኛ።

ጠዋት ሰሌዳዎቹን ወለሉ ላይ አስደግፌ አየኋቸው። ወለላችን ፈዛዛ ግራጫ ሴራሚክ ነው። የኔ ግራጫ ከወለሉ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ፤ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ለኔም አይታየኝም። ክሬሙ ብቻውን የተሻለ ነው፣ ግን በቂ አይደለም። ቡኒ ዞኮሎ ያስፈልገዋል።

እማዬን ቀስቅሼ «ክሬም ይሁን» አልኳት።

ታሸንፈኛለች ብዬ ስጠብቅ «በሩ ቡኒ ይሆናል» አለች። ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። «በሩም፣ መቃኑም። ኮሪደሩ ላይ ያሉትም ሁሉ።»

ቀቢው ቅዳሜ መጡ። ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ አስቀድሜ አስልቼ ነበር፤ ክፍሉ 3 ሜትር በ3.5፣ ቁመቱ 2.6፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 30 ካሬ ገደማ፣ ሁለት እጅ ሲቀባ 60፣ አንድ ሊትር 10 ካሬ ቢሸፍን 6 ሊትር። ወረቀቴን አይተው «8 ይሁን» አሉ። ስቱኮ የተደረገበት ቦታ ቀለም እንደሚጠጣ፣ ሰማያዊውም በቀላሉ እንደማይሸነፍ አላሰላሁም። የተረፈው ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። ሁለቱን ጋሎን መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ነው የጀመሩት፤ «በእጅ የተቀላቀለ ቀለም ወንድምና ወንድም እንጂ መንታ አይሆንም፤ ግድግዳው መሀል ላይ ልዩነቱ ይታያል» ብለው። ከዚያ እኔን አይተው ትንሿን የጥቁር ማቅለሚያ ጠርሙስ አነሱና ጥቂት ጠብታ ጨመሩበት። ቅቤነቱ ሰከነ። «ያንቺም ገባበት» አሉኝ።

አንድ ክርክር ቀርቶ ነበር። እማዬ በጨርቅ የሚወለወል፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ፈልጋለች። ሞራ ያለበት ዓይን ግን ነጸብራቅ ይረብሸዋል፤ አምፖሉ ግድግዳው ላይ ሲያንጸባርቅ ለኛ ውበት ነው፣ ለእምዬ የተበተነ ጭጋግ። ስለዚህ ግድግዳው የማያብረቀርቅ፣ በሩና ዞኮሎው ዘይት ቀለም ሆነ። የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ ቀቢው በቡኒ አራት ማዕዘን ከበቡት። አያምርም። ሥዕል የሌለው ፍሬም ነው የሚመስለው። እማዬ ሁለት ጊዜ ልታስጠፋው ብላ ተወችው።

ግራጫው ኮምፔንሳቶ ሳሎን ከሶፋዬ ጀርባ ቆሟል። ቪዲዮ ስቀርጽ ከኋላዬ የምታዩት ቢሮ እሱ ነው፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር። ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘነበልኩ የእማዬ ክሬም ይታያል።

እምዬ ከገባች ሦስት ሳምንት ሆናት። በመጀመሪያው ሌሊት እኔም እማዬም አልተኛንም፤ የእግሯን ድምፅ ስንጠብቅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ማብሪያው ቀጭ አለ። ግድግዳ መዳበስ አልነበረም፣ አንዴ ብቻ ቀጭ። በሩ ተከፈተ፣ በኮሪደሩ አለፈች፣ ተመለሰች። እማዬ ከክፍሏ «እምዬ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት። «ተኚ አንቺ» አለች እምዬ።

የግራው ዓይኗ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ፋሻው ሲነሳላት ክሬሙ ምን እንደሚመስላት እጠይቃታለሁ። ቀቢው ባልዲው ሥር የተረፈውን በጠርሙስ ዘግተው ሰጥተውኛል፤ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሶፋዬ ሥር ማለቴ ነው።